ክብደት የሌለው ጠመንጃ

ክፍሌ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ አንድ አጭር መትረየስ ተቀምጧል። አትደንግጡ። አፈሙዙ የውሃ ቧንቧ ነው። ሰደፉ ከአሮጌ አልጋ ራስጌ የተቆረጠ ጣውላ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ በዓል በደረሰ ቁጥር መርካቶ የሚቸረቸረው፣ ቢጫ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋው የቻይና መጫወቻ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ሕፃን በዚህ ነገር ግንባራችሁን ብሏችሁ ያውቃል ብዬ እገምታለሁ። እኔ የዚያን ሕፃን መሣሪያ በ85 ብር ገዛሁና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ «የጣሊያን ቤሬታ 1938» አደረግሁት።

ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ መጫወቻ ጠመንጃ ምን ያደርግለታል? ይህንን ጥያቄ ባለቤቴ ጠይቃኛለች። አከራያችን ጠይቀውኛል። አንድ ፖሊስም ጠይቆኛል። ከሁሉም የከበደኝ ግን የአጎቴ ጥያቄ ነበር። ወደሱ እንደርሳለን።

* * *

የተወለድኩት ሰሃላ ነው። ሰሃላን ባታውቁት አልቀየማችሁም፤ ዋግ ኽምራን ራሱን በድርቅ ዜና ብቻ የምታውቁት ትበዛላችሁ። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ስትወርዱ፣ ጋቢው ሲከብዳችሁ፣ ማሽላና ፍየል ሲበዛ፣ ያኔ ደርሳችኋል።

እኛ ዘንድ መጫወቻ የሚባል ነገር ከሱቅ አይመጣም ነበር። የማሽላ አገዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ረጅም ጠመንጃ ይሆናል። ክላሽ መሥራት ግን እውቀት ይጠይቃል። ምክንያቱም ክላሽን ክላሽ የሚያደርገው የጎበጠው ካዝናው ነው። የሚጎብጥ አገዳ ደግሞ የለም፤ ይሰበራል። መላውን ያገኘው የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ የፍየል ቀንድ! ከእንጨቱ ሥር የፍየል ቀንድ በልጥ ያሰርክ እንደሆነ ከሩቅ ያየህ ሰው እጁን ይሰቅላል። ፍየል በታረደ ቁጥር ለቀንዱ የምንጣላው እኛ ነበርን።

ምስሉን ከየት አመጣችሁት ብትሉኝ፣ ከየቤቱ ምሰሶ። ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ ግን በየቤቱ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ነገር ነበር። ሠርግ ሲሆን ይተኮሳል፣ ለቅሶ ሲሆን ይተኮሳል። የስሞቹን ታሪክ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። «ውጅግራ» የምንለው «ፉዚል ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። «ቤልጅግ» ደግሞ አገሩን ቤልጅየምን ይዞ ቀረ። የውጭ ቃል ወደ አማርኛ ከገባባቸው በሮች አንዱ አፈሙዝ መሆኑን የቋንቋ መምህሮቻችን አልነገሩንም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ «ቴአትር ልንሠራ ነው፣ ጠመንጃ የሚሠራልን አጣን» ሲለኝ፣ ያ የፍየል ቀንድ የሚጠብቅ ልጅ ውስጤ ተነሳና «እኔ አለሁ!» አለ።

* * *

ቴአትሩ የዋግ ልጆች የሆኑ ጀማሪ ተዋንያን ሊሠሩት ያሰቡት ነው። ታሪኩ የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነው። ለማታውቁት በአጭሩ፦ የዋግሹም ከበደ ልጅ ናቸው። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ዋግና ላስታን ይዘው ተነሱ። መስከረም 1930 ዓ.ም (በፈረንጅ 1937) ተገደሉ። ጣሊያን ገድሎ አልበቃውም፤ ራሳቸውን ቆርጦ ገበያ ላይ ሰቀለው። ሕዝቡ እንዲያይ። ሰቆጣ ላይ፣ ኮረም ላይ።

የመጀመሪያው ትእይንት ላይ የጣሊያን ወታደር አጭር መትረየስ ይዞ ይገባል ተባለ። «የጣሊያን አጭር መትረየስ» ብዬ ስፈልግ የመጣልኝ ቤሬታ 38 ነው። ቱሊዮ ማሬንጎኒ የሚባል መሐንዲስ የነደፈው፣ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ፣ የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ በርሜሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ብረት የተሸፈነ መሣሪያ ነው። ሁለት ቃታ አለው፤ የፊተኛውን ስትስበው አንድ በአንድ፣ የኋለኛውን ስትስበው እንደ ዝናብ። ደግሞ መጀመሪያ የታደለው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የኢጣሊያ አፍሪካ ፖሊስ» ለሚባለው ኃይል። ለእኛ ማለት ነው፤ ለእኛ ተብሎ የተሠራ!

እዚህ ላይ ነው ገደል የገባሁት። ኢንተርኔቱን ስከፍት፣ በዓለም ላይ ይህንን ሥራ እንደ ሃይማኖት የያዙ ሰዎች እንዳሉ አየሁ። ኤርሶፍት ይባላል። ጃፓኖች ናቸው ያመጡት። ሕጋቸው የዜጋን መሣሪያ በጥብቅ ስለሚገድብ እውነተኛውን የሚመስል፣ 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩስ መጫወቻ ሠሩ። ቶኪዮ ማሩይ የሚባለው ድርጅት በ1991 በባትሪ የሚሠራ አወጣና ዓለም አበደ። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ በሁለት ተከፈለ። አንዱ ጫካ ገብቶ ይታኮሳል። ሌላው ከነጭራሹ አይተኩስም፤ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ የተገዛውን መጫወቻ ይፈታና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደነበረ አንድ የተለየ ዓይነት ይለውጠዋል። ለምሳሌ የአሜሪካኑን ቶምሰን ባለ 1928ቱን ገዝቶ ወደ ኤም 1 ኤ 1 ይቀይራል። የበርሜሉን ክንፎች ይሞርዳል፣ ጫፉ ላይ ያለውን ማፈኛ ይነቅላል፣ ከላይ የነበረውን መቀባበያ ወደ ቀኝ ጎን ያወርዳል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የሚለውጡት ነገር ሁሉ አቅጣጫው አንድ ነው። መቀነስ! ቶምሰን ክንፉን ያጣው ጦርነቱ ውስጥ ነው። ክንፉን ለመሞረድ የሚሆን ጊዜና ብር አልነበረም። ጀርመን ኤም ፒ 38ን በማሽን እየፈለፈለ ይሠራ ነበር፤ ኤም ፒ 40 ላይ ቆርቆሮ እየጨፈለቀ መበየድ ጀመረ። ሩሲያም ፔፔሻን በተጨፈለቀ ቆርቆሮ በሚሊዮን አመረተ። ቤሬታ 38 ርዝመቱ 946 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ1942 የወጣው ታናሽ ወንድሙ 38/42 ቀዳዳው ልባስ ቀርቶበት፣ በርሜሉና እንጨቱ አጥሮ ወደ 800 ወረደ።

ጦርነት ሲረዝም ጠመንጃ ያጥራል ማለት ነው።

እንግሊዞቹ ደግሞ ባሰባቸው። በ1940 ደንከርክ ላይ መሣሪያቸውን ጥለው ከወጡ በኋላ ስቴን የሚባል ከቧንቧ የተበየደ የሚመስል ነገር ሠሩ። ካዝናው በግራ ጎን ነው የሚሰካው፤ 32 ጥይት ይጎርሳል። የስቴንን ሦስተኛ ዓይነት በብዛት ያመረተው ማን እንደሆነ ስትሰሙ ትገረማላችሁ፤ ላይንስ ብራዘርስ የሚባል የልጆች መጫወቻ ፋብሪካ! አስቡት። ያኔ የመጫወቻ ፋብሪካ ስቴን ሠራ። ዛሬ ደግሞ ጎልማሶች መጫወቻውን መልሰው ስቴን ያደርጉታል። ክቡ ሞላ።

* * *

ወደ እኔ ሥራ እንመለስ። ጃፓን የለችም፤ ሚናለሽ ተራ ግን አለች።

መጫወቻውን ፈታሁትና ሆዱን ብቻ አስቀረሁ። በርሜሉን ለመሸፈን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ለካሁ። ቀዳዳዎቹን ከሰል ላይ የጋለ ምስማር በፒንሳ ይዤ በሳኋቸው። መጀመሪያ የወጡት ቤሬታዎች ቀዳዳቸው ሰፊና ሞላላ ነበር፤ በኋላ የመጡት ትንንሽና ክብ ናቸው። የእኔ ምስማር ክብ ስለሆነ የኋለኛውን መረጥሁ። (ታሪካዊ ምርጫ ሳይሆን የምስማር ምርጫ ነው።) ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶ አከራያችን መስኮት አንኳኩተው «ልጄ፣ ደህና ናችሁ?» አሉ። ሰደፉን በአሸዋ ወረቀት አለስልሼ ቡናማ የጫማ ቀለም ቀባሁትና በጨርቅ ወለወልሁት። ብረት መምሰል ያለበትን ክፍል ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁበት፤ ሲደርቅ የእርሳስ ዱቄት በጣቴ አሸሁበት። ይህቺኛዋ ዘዴ ተአምር ናት። ፕላስቲኩ በአንድ ጊዜ ብረት ሆነ፤ ለዓይን ይቀዘቅዛል።

ሲያልቅ በሜትር ለካሁት፤ 946። ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ቁጥሯን ነገርኩ።

በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መሣሪያው 38 የተባለው በ1938 ስለወጣ ነው። በፈረንጅ! ደጃዝማች ኃይሉ የተገደሉት በ1937። ታናሽዬው 38/42 ሲወለድማ ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ፣ ማለትም ከኅዳር 1934 ዓ.ም፣ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት መሣሪያ በታሪኩ ቀን አልተወለደም!

ለአዘጋጁ ደወልሁ። «ማን ያውቃል ብለህ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። የዚያን ጊዜው የጣሊያን ወታደር በብዛት ይይዝ የነበረው ካርካኖ የሚባለውን ረጅም ጠመንጃ ነው፤ ግን መድረክ ላይ ካርካኖ አያስፈራም፣ ቤሬታ ያስፈራል። «ለማንኛውም ይዘኸው ና፣ ልምምድ ላይ እንየው» አለ።

* * *

ይዤው ሄድኩ። በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ።

ልብ በሉ፣ አንድ ጊዜም «ይህ ነገር አደገኛ ነው» የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። እኔ የማውቀው ቧንቧውን ነዋ፣ የጫማ ቀለሙን! መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ውረዱ ተባልን። ወጣቱ ፖሊስ ማዳበሪያውን ከላይ ዳሰሰ። እጁ ሰደፉ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን በትክክል አላስታውስም፤ እጄ ወደ ላይ እንደነበር፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ዘንቢላቸውን ጥለው እንደሸሹ፣ ቲማቲሙ አስፋልት ላይ እንደተንከባለለ ነው የማስታውሰው። «መጫወቻ ነው! ቴአትር ነው!» እያልሁ ነበር። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

ደግነቱ ልጁ የሰከነ ነበር። ቀስ ብሎ ገለጠው። ሲያነሳው ቀለለው። ሳቀ። ላቡን ጠረገና «ቆይ፣ አንተ ልጅ የለህም?» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት አልፎህ ይህን ምን ያደርግልሃል?» መልስ አልነበረኝም። ቲማቲሙን አብረን ለቀምን።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታሚር ራይስ ትዝ አለኝ። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ፣ ኅዳር 2014 በፈረንጅ። የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ በኤርሶፍት ሽጉጥ ይጫወታል። አንድ ሰው ፖሊስ ይጠራል፤ «ምናልባት የውሸት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጭምር ይናገራል። ያቺ ቃል ለፖሊሶቹ አልደረሰችም። መኪናዋ ቆማ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ተተኮሰበት፤ በማግስቱ ሞተ። የአሜሪካ ሕግ መጫወቻ ጠመንጃ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። ከታሚር ሽጉጥ ላይ ያቺ ምልክት ተነስታ ነበር። እንግሊዝም በ2006 ሕግ አውጥታ እውነተኛውን የሚመስል መጫወቻ መሸጥ ከልክላለች፤ ለቴአትር፣ ለፊልም፣ ለቤተ መዘክርና ለመሳሰሉት ብቻ ቀዳዳ ትታለች።

የእኔ ሦስት ሳምንት ልፋት በሙሉ ያቺን ብርቱካናማ ምልክት መደበቅ ነበር ማለት ነው። መጫወቻው ስገዛው ደማቅ ቢጫና ሰማያዊ ነበር፤ ከመቶ ሜትር «መጫወቻ ነኝ» ይላል። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

* * *

በዚያው ሰሞን አጎቴ ከሰሃላ ለሕክምና መጡ። «አያ» ነው የምንላቸው። አያ በወጣትነታቸው በረሃ የወረዱ ሰው ናቸው፤ በእነዚያ በ1970ዎቹ፣ ዋግ በአንድ በኩል በጦርነት በሌላ በኩል በ77ቱ ረሀብ ስትነድ። ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ ጎንደር ከተማ ሳለ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። አንድ እናት፣ ሁለት ልጅ፣ ሁለት ግንባር። አንዱ ተመለሰ።

ከሐኪም ስንመለስ እኔ ሻይ ላፈላ ወጣሁ። ስገባ አያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቤሬታዬን ይዘዋል። ሳያስቡት ይመስለኛል፤ አፈሙዙን ወደ መሬት አዘንብለው፣ ጣታቸውን ከቃታው አርቀው፣ በአውራ ጣታቸው የሌለውን መቀባበያ ይፈልጋሉ። ጎተት አድርጎ ጎሬው ባዶ መሆኑን ማየት። ሠላሳ ምናምን ዓመት አርሰዋል፣ ፍየል አርብተዋል፤ እጃቸው ግን አልረሳም።

«አያ፣ መጫወቻ ነው፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት» አልኳቸው። ኩራቱ ከድምፄ አልጠፋም፣ አልዋሽም።

ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ መዘኑት።

«ክብደት የለውም» አሉ።

እውነተኛው ከ4 ኪሎ በላይ ነው። የእኔ አንድ ኪሎ አይሞላም። ይህንን ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ እርሳስ ላቀልጥበት እንደምችል፣ አሸዋ ልሞላው እንደምችል። አላዳመጡኝም።

«እሱን አይደለም የምልህ» አሉ። «ያኛውን ስትይዘው የሚከብድህ ብረቱ አይደለም። ማታ ማታ ወንድሜ ከወዲያ በኩል ይሆናል እያልሁ ነበር የምተኩሰው። ቀን ላይ አታስበውም። ሌሊት ይከብድሃል።»

ሻዩን ጠጣን። ዝም አልን። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ፣ እኔ እዚህ ሆኜ የእናቴን ስልክ ቀን ከሌት ስሞክር «ያልተሳካ ጥሪ» የሚለኝ ያ ድምፅ መጣብኝ። የኔ ትውልድም የራሱ ክብደት አለው ለካ። እኔ ግን የረሳሁት በእርሳስ ዱቄት እያሸሁ ነበር።

ከዚያ ስለ ቴአትሩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰቆጣ ላይም ልናሳየው አስበናል አልኳቸው።

«ሰቆጣ ላይ?» አሉ። «ሰቆጣ ላይ ጠመንጃ ልታሳዩ? ለሰቆጣ ሕዝብ?»

በጣም የሚያስቅ ነገር እንደተናገርሁ ሁሉ ከልባቸው ሳቁ። አስሏቸው እስኪቆሙ ድረስ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጠመንጃውን ተዉት። ገበያውን አሳዩ። አያቴ የዚያን ቀን ጨው ልትገዛ ሄዳ ነበር አሉ። ቀና ብላ አላየችም። ጨውዋን ገዝታ፣ መሬት መሬት እያየች ቤቷ ገባች። እስክትሞት ድረስ ያን ገበያ ቀና ብላ አላየችም። እሱን አሳዩ።»

* * *

አዘጋጁ መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ዝም አለ። በሳምንቱ ደውሎ የመጀመሪያውን ትእይንት ቀየርሁት አለኝ። አሁን መጋረጃው ሲገለጥ ገበያ ነው። ሰዎች ጨው ይሸጣሉ፣ ማር ይሸጣሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንድም ሰው ቀና አይልም። ወታደር የለም፣ ጠመንጃ የለም። ልምምዱን አይቻለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ትእይንት የለም። ቤሬታው አያስፈራም ነበር። የዚያች ጨው የገዛች ሴት አንገት ግን ያስፈራል።

ቴአትሩ ሰቆጣ ይደርሳል ወይስ አይደርስም፣ መንገዱና ሰላሙ ይወስናሉ። በ2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ስንት እቅድ እንደታጠፈ እናንተም ታውቃላችሁ።

ጠመንጃውን ግን አልጣልሁትም። ልፋቴን እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ? ሥራው ጥፋት ነው ብዬም አላምንም። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መሞረድ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን አስተምሮኛል፤ ዓለም እንዴት እንደቸኮለች፣ የመጫወቻ ፋብሪካ እንዴት መሣሪያ እንደሠራ፣ አንድ ዓመት ስሕተት ታሪክን እንዴት እንደሚያዛባ። ግን አፈሙዙን ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ቀባሁት። ሦስት ጊዜ ደራርቤ። ያን ሁሉ የእርሳስ ዱቄት ያሸሁበትን ውበቱን ገደለው። ይሁን፤ ከሩቅ «መጫወቻ ነኝ» ይበል።

አያ ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ማታ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አዩትና «አሁን ይሻላል» አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ጨመሩበት፦

«ካዝናው ቀጥ ያለ ነው። ሰሃላ ብትሆን ኖሮ የፍየል ቀንድ አደርግልህ ነበር።»